የአጎቴ ሰንጢ

የዛሬን ከሰዓት የበላው የአጎቴ አሮጌ ሰንጢ ነው። ስለቱ ሥር «ሼፊልድ» የሚል ተቀርጾበታል፤ እንግሊዝ አገር ያለችው የቢላ ሠሪዎች ከተማ። እዚያ ድሮ አንዱ ብረቱን ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይሞርደዋል፣ ሦስተኛው እጀታና ሞላውን ይገጥማል።

መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጌ ቆየሁ። ስከፍተው ጥቁር እድፍ ወጣ። ቀዩን ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አነሳሁት። ግራጫውን ግን አልነካሁትም። ካርቦን ብረት ሲያረጅ የሚያወጣው መልክ ነው፣ ዝገትም ትንሽ ይከላከላል። እሱን ፍቆ መስታወት የሚያስመስል ሰው አይገባኝም! የአጋዘን ቀንድ እጀታውን በዘይት ጨርቅ አሸት አደረግኩት፣ በቃ።

አሁን ሲዘጋ ቀጭ ይላል። ባለቤቴ «ሽንኩርት ይከትፋል ወይ?» አለችኝ። ገና አልተሳለም። ጥሩ የመሳያ ድንጋይ የሚሸጥበትን የምታውቁ እስቲ ጠቁሙኝ።