የወንድሜን ውጤት ከእሱ በፊት ያየሁ ቀን

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው ጥቅምት 2015 ነው፤ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት ዓመት። ስለ ዝግጅቱ ብዙ የምለው የለኝም። አስጠኚ ቀጠርንለት፣ ብርድ ልብስ ገዛንለት፣ ሸኘነው። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል እስኪወጣ ድረስ ድምፁን አልሰማንም።

ያበላሸሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥር ላይ ውጤት ሲወጣ እሱ ተኝቶ ነበር። የአድሚሽን ቁጥሩ ስልኬ ላይ ስለነበር አስገብቼ አየሁት። 318 ከ700። ማለፊያው 350 ነበር። እሱን ሳልቀሰቅስ ለእማዬ ነገርኳት፣ እማዬ ለአክስቴ ደወለች፣ ጠዋት ሲነሳ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ጠበቀው። የራሱን ውጤት የሰማው ከሁላችን በኋላ ነው። አንድ ቃል ሳይናገር ክፍሉ ገብቶ ዘጋ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ስሰማ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት።

«ታዲያ እናንተ ለምን አለቀሳችሁ?» አለኝ።

እስካሁን መልስ የለኝም።

እኔ ግን አላረፍኩም። ቅሬታ ላስገባ ብዬ አንድ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው «ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው» ይለኛል። በመጨረሻ ያገኘሁት ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ያልሠራ ወደቀ፣ በቃ» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ከዚያ ይባስ ብዬ ወንድሜን ሳልጠይቅ የግል ኮሌጅ መመዝገቢያ ፎርም አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ፎርሙን ሳይነካው ሳምንት አለፈ። ምግብ በሩ ላይ ነበር የምናስቀምጥለት።

ያወራኝ አንድ ቀን ዳቦ ልንገዛ አብረን ስንሄድ ነው። ስለ ትምህርት ምንም አላነሳሁም ነበር፤ እሱ ራሱ ጀመረው። ሪሚዲያል፣ ማለት ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት፣ መሞከር ይፈልጋል፤ ካልሆነ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይማራል። ለካ ሁለቱንም አስቦበታል። ከቤት ሰው የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

ሪሚዲያል ገባ፣ አራት ወር ተማረ፣ አለፈ። ባያልፍም ኤሌክትሪኩ ነበረለት፤ ይህንን ማወቁ ብቻ እንቅልፍ ሰጥቶታል።

ትምህርት ቤቱ «ውጤቱን ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እዩ» ብሎን ነበር። እኔ አልስማማም። ልጁ ብቻዬን ልየው ካለ ብቻውን ይየው። ሲፈልግ ይነግራችኋል። ዘመድ ሲደውል «ራሱ ይንገራችሁ» ብላችሁ ዝጉ፣ ይቀየሙ። ሁለተኛውን አማራጭ ደግሞ ከፈተናው በፊት አውሩት፤ ከውጤት በኋላ ሲነሳ ልጁ ጆሮ ላይ እንደ ቅጣት ነው የሚሰማው።

ዘንድሮ ታናሽ እህታችን ተፈታኝ ናት። አድሚሽን ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን አልጠየቅኳትም።