ከአልጋ ሥር የበቀለ ገብስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ!

የምጽፍላችሁ ከዶሃ ነው። ችቦ የለንም፤ ግን ጎረቤቶቼ ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ ገብስ በቅሏል። በተቆረጠ የእርጎ ባልዲ ውስጥ ከተዘራ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ልጆቹ ኔፓላውያን ናቸው፤ ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ይኖራሉ። ግድግዳቸው ላይ ያለው ካላንደር 2082 ይላል። የእኔ 2018 ነው። ደመወዝ የሚከፈለን ደግሞ በ2025።

ትልቁ በዓላቸው ደሰይን ዘንድሮ መስከረም 12 ገባ፤ መስቀል መሃሉ ላይ ዋለ። ገብሱን ጀመራ ይሉታል። ፀሐይ ሳያይ ስለሚያድግ ልክ እንደ አደይ ቢጫ ነው። በዐሥረኛው ቀን ታላላቆች ሩዝ በእርጎና በቀይ ዱቄት ለውሰው የታናናሾችን ግንባር ይቀባሉ፤ ቡቃያውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይመርቃሉ። ይህ ቲካ ነው። ለቲካ ሲባል ዋና ከተማቸው ካትማንዱ ጭር ትላለች። አውቶቡሱ ይሞላል፣ ፍየሉ ይገዛል፣ ሁሉም ወደ ትውልድ መንደሩ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ሲገባ መርካቶን ያየ ሰው ይገባዋል።

ችግሩ፣ ከሚመረቁት ብዙዎቹ አገር ቤት የሉም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ 29 ሚሊዮን ሕዝብ ካላት ኔፓል ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ውጭ አገር ነበር። የሚልኩት ገንዘብ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት ሩብ ያህላል። በር ለበር የምንተያየው ልጅ ፌሮ ያስራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 9 ሺህ ሰው የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ የእናቱን የድንጋይ ቤት አፍርሶት ነበር። እዚህ ፌሮ እያሰረ እዚያ ባለ ፌሮ ቤት አቆመላት። እህቱንም ነርስ አድርጎ አስመርቋል። "ስደት ምን ጠቀመ?" የሚል ሰው ሲገጥመኝ እሱን አሳየዋለሁ።

አገሩም አልቆመችም። ልጅ ሳለ ካትማንዱ ውስጥ መብራት በቀን እስከ 16 ሰዓት የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ኔፓል ለሕንድ ኃይል ትሸጣለች፤ ከሚገቡት አዳዲስ መኪኖችም አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ናቸው። (እኛም የቤንዚን መኪና ማስገባት ከልክለን የለ?) መንደራቸው ድረስም ጂፕ ይገባል። ፒንግ የሚተክል ግን ጠፍቷል አለኝ። ፒንግ ከረጃጅም ቀርከሃ የሚሠራ ዥዋዥዌ ነው። በደሰይን እግርህ አንድ ጊዜ እንኳ ከመሬት መነሣት አለበት ይላሉ። ቀርከሃውን ቆርጠው የሚያቆሙት ጎረምሶች ናቸው። እነሱ ደግሞ እግራቸውን ከመሬት ያነሡት በአውሮፕላን ነው።

ጳጉሜን ከባድ ነበረች። በነሐሴ መጨረሻ መንግሥታቸው ፌስቡክና ዋትስአፕን ጨምሮ 26 የማኅበራዊ መገናኛዎችን ዘግቶ ነበር። በሙስናውም የተማረረው ወጣት ጳጉሜን 3 አደባባይ ወጣ፤ ጥይት ተተኮሰ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በሁከቱ ከ70 በላይ ሰው ሞቷል። ዋትስአፕ ሲዘጋ ለካትማንዱ ሰው ፖለቲካ ነው፤ ለጎረቤቴ ግን የእናቱ ድምፅ ነው የጠፋው። እኛ "እንቁጣጣሽ" ስንባባል እሱ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

ባምናው ቲካ አብሬያቸው ነበርኩ። ስልኩን ድስት ላይ አስደግፎ ለእናቱ ደወለ። ሴትዮዋ ለበዓል ለብሳ፣ ሩዙን በሦስት ጣቷ ቆንጥራ፣ ስክሪኑ ላይ፣ ልክ የልጇ ግንባር ያለበት ቦታ ላይ ለጠፈችው። ጣቷ ካሜራውን ሸፈነውና ስልኩ በሙሉ ቀላ። ምርቃቷ ብቻ ይሰማል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየ፤ እኔ ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ በክፍሉ ታላቅ የሆኑት ሰውዬ ሁሉንም በእጃቸው ቀቧቸው። እሳቸው ኮንትራታቸው አልቆ አገራቸው ገብተዋል። ትናንት ማታ ታዲያ ልጆቹ በሬን አንኳኩ። በዕድሜ የምትበልጠን አንተ ነህና መስከረም 22 አንተ ቅባን አሉኝ። ምርቃቱን በእናንተ ቋንቋ አልችልም ብላቸው፣ በአማርኛ ይሁን አሉ። እንግዲህ "ለአገራችሁ ያብቃችሁ" እላቸዋለሁ፤ ለእናንተም ለስደተኞቹ እንደዚያው። ቀቢው ለተቀቢዎቹ ገንዘብ መስጠት አለበት ብለውኝም፣ ከአሁኑ አዳዲስ የሪያል ኖት እየለቀምኩ ነው።