የገንዘብ ያዡ ደብተር

እሑድ ማታ፣ ጥቅምት 2018

ከስብሰባው ስመለስ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ጋደም አልኩ። ስነሳ እዚያው ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ውስጡ ግን መላው ሰፈራችን አለ፦ የቤት ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ ለሰፈሩ መንገድ የከፈለው ብር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ፊርማ። መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን አሳርፏል። ከዚህ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም፤ ሆኖም ደብተሩን ባየሁ ቁጥር የበላሁ ያህል ያሸማቅቀኛል።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ከከተማ ስመለስ አዲሱን ድልድይ በእግሬ መሻገር ደስ ይለኛል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ እግረኛውም ብስክሌተኛውም የራሱ መስመር አለው። ከ60 ዓመት በላይ የተሸከመን አሮጌው ድልድይ ጡረታ እንደወጣ ዘበኛ ከጎኑ ቆሟል። መሐል ላይ ቆም እልና ውኃውን አያለሁ፤ ቀኑ ሲቀናኝ ጉማሬም አያለሁ። ከዚያ ወርጄ፣ ዋናውን መንገድ ትቼ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ቢበዛ 200 ሜትር ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው ከቤቱ በቦቲ ይወጣል፤ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሱቅ ሲደርስ ይቀይራል። ባለሱቁ የቦቲ መደርደሪያ ሠርቶልናል። የእኔ ቦታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ በመምህሩና በነርሷ መሐል።

ነገሩ የተጀመረው በ2013 ነው። ኮብልስቶን ይነጠፍልን ተባለ፤ ኮሚቴ ተመረጠ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን በዕለቱ ስላልነበርኩ፣ ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ። (በሰፈር ስብሰባ የቀረ ሰው ይመረጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው።) አሠራሩ የታወቀ ነው። ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቶ በኮሚቴው ስም በተከፈተ ዝግ ሒሳብ ያስገባል፤ ድርሻው ሲሞላ ከተማው የራሱን ጨምሮ ያሠራል፤ ድንጋዩን የሚጠርቡትና የሚያነጥፉት በማኅበር የተደራጁ ልጆች ናቸው።

ጉዱ ያለው «ሲሞላ» የምትለዋ ላይ ነው። ግማሹ ሰው በሦስት ወር ከፈለ። ሌላው እየተለመነ በዓመቱ ከፈለ። የቀረው «መጀመሪያ ሥራው ይጀመርና እናያለን» አለ። ሥራው ደግሞ የሚጀመረው እሱ ሲከፍል ነው። ይህን እያስረዳሁ በየቤቱ የጠጣሁት ቡና እንቅልፌን ወሰደው እንጂ አንድም ሰው አላሳመነልኝም። ከዚያ ጊዜው ከፋ፤ ስለ መንገድ ማውራት ራሱ የሚያሳፍርበት ወራት መጣ። ገንዘባችን ባንክ ተቀመጠ፣ በዓመት 7 በመቶ ወለድ እየታሰበለት። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙ ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ሲሚንቶው፣ የገልባጭ መኪናው ነዳጅ፣ የጠራቢዎቹ ምሳ ሳይቀር ተከታትሎ ወጣ። የእኛ 7 በመቶ እያነከሰች ከኋላ ትከተላለች። ድንጋዩ ከዚሁ ከአካባቢያችን የሚወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዶላር ጋር ምን አገናኘው? ብዬ ተናድጄ ነበር። አገናኘው።

እዚህ ላይ የእህቴን ነገር ልጻፍ፤ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖታል፣ ከራሴ አልወጣም። እህቴ ዳላስ ነው የምትኖረው። በ2016 የቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ሚያዝያ 26 መሆኑ ነው፣ ወደ 11 ሰዓት ግድም ደወለች። የሞባይል ዳታ የተዘጋበት ጊዜ ስለነበር በመደበኛው ስልክ ነው። እናቴ አክፍላለች፤ ራሷ ላይ ቄጤማዋን እንዳሰረች ሽንኩርቱን ታማስላለች።

«ዛሬ ዕዳ ውስጥ ገብቼ መጣሁ» አለችኝ እህቴ እየሳቀች።

«ምን ተበደርሽ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ከተማው ነው። እሺ በሉኝ ብሎን እሺ ብዬው መጣሁ።»

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከተማው ቦንድ ሸጦ 1 ቢሊዮን 250 ሚሊዮን ዶላር ሊበደር ፈለገ፤ ለመበደር ደግሞ የነዋሪውን ድምፅ ጠየቀ። ጥያቄው አንድ ብቻ አይደለም፤ በ10 ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ይሰጣል። ትልቁ የመንገድ ነው፣ 521 ሚሊዮን። መናፈሻው ለብቻ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻ፣ የጎርፍ መከላከያውና የዝናብ ውኃ መውረጃው ለብቻ፣ 52 ሚሊዮን። ወረቀቱ ላይ ራሱ ዋናውንና ወለዱን ለመመለስ ግብር እንደሚጣል ተጽፏል። በኋላ እንደሰማሁት አሥሩም አለፉ።

«አንቺ ቤት የለሽ፤ ማን አስመረጠሽ?» አልኳት። እኔ እንግዲህ የማስበው በደብተሬ ነው፤ የቤት ቁጥር የሌለው ሰው በእኔ ደብተር ሰው አይደለም።

«ካርታሽን አምጪ ያለኝ የለም። ዜግነቱን አግኝቼ እዚህ ተመዝግቤ መኖሬ በቂ ነው። አከራዬ ግብሩን ኪራዬ ላይ እንደሚደምረው ግን እንዳትጠራጠር። ሰው ግን አልወጣም፤ ሰልፍ የለ፣ ምን የለ፣ እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበርን» አለችኝ። ያቺኛዋ ትንሽ አጽናናችኝ። የሰፈር ስብሰባ ላይ ሰው የሚቀረው እኛ ጋ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ስልኩን ተቀበለች። ቦንድ የሚባለውን ቃል ከሁለታችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ በ2003 የሕዳሴው ግድብ ሲጀመር የአንድ ወር ደመወዟን በ12 ወር ከፍላ ገዝታለች። የምስክር ወረቀቱ ሳጥኗ ውስጥ ከዳዊቷ ጋር ነው ያለው። ባለፈው ጳጉሜን 4 ግድቡ ሲመረቅ አውጥታ አየችው፣ አቧራውን ጠርጋ መለሰችው።

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ዶላር ማን ይከፍለዋል?» አለቻት እህቴን።

«ሁላችንም እማዬ፣ ቀስ እያልን፣ 20 ዓመት ግድም።»

«እስከዚያ የሞተውስ?»

«የሞተ አይከፍልም። በመንገዱ የሚሄድበት ይከፍላል።»

እናቴ «ዕዳ ከሜዳ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ድስቷ ሄደች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። በአንድ ቤት ውስጥ እናቴ ለአገር አበዳሪ ናት፣ እህቴ ከከተማዋ ጋር ተበዳሪ ናት፤ እኔና ሰፈሬ ደግሞ ሁለቱንም አይደለንም። ያበደርነው የለም፣ የተበደርነው የለም፣ ዝም ብለን እናጠራቅማለን፤ ስናጠራቅም ድንጋዩ ይሸሻል።

አሁን ወደ ነሐሴ ልምጣ፤ ደብተሩ የከበደኝ ከዚያ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሦስተኛ ተራ ላይ የተጻፉት እትዬ ባለፈው ነሐሴ ዐረፉ። ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ሴት ነበሩ። በ2013 ገንዘቡን ያመጡልኝ በመሀረብ ጫፍ ቋጥረው ነው፤ ከሳቸው ቀድመው የከፈሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ሲያገኙኝ «የኔ ልጅ፣ ድንጋዩ መጣ?» ይሉኛል። እኔም «ደርሷል እትዬ» እላለሁ። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ደርሷል እያልኩ።

የቀብራቸው ዕለት ሌሊቱን ሲያወርደው ነበር ያደረው። የእድሩ መኪና አስፋልቱ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አልገባም አለ። አስከሬኑ በትከሻ ወጣ። ያቺ 200 ሜትር ስንት ደቂቃ እንደወሰደች አላውቅም፤ ተሸካሚው እየተንሸራተተ፣ ከኋላ ያለው «ያዙ! ያዙ!» እያለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው። ከፊት ከተሸከሙት የአንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ማንሳት አይችል፣ መቆም አይችል፣ በአንድ እግሩ ባዶውን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደ። ስንመለስ ጫማውን ልጆች አውጥተው አጥር ላይ ሰቅለውት አገኘነው። ያን ዕለት ማንም ደብተሩን አላነሳብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬው ስብሰባ እንግዲህ ከዚያ የተነሣ ነው። በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ከወትሮው የበዛ ሰው መጣ፣ ወንበር ጠፍቶ ጎረምሶቹ ቆሙ። መሐንዲሱ ቀድሞ የለካውን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ያለን ብር በዛሬ ዋጋ ግማሹን እንኳ እንደማያነጥፍ ነገረን። ከዚያ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ጠየቀ፦ «ውኃው የት ይሂድላችሁ?»

ዝም አልን። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከመሬት በታችም ውኃው ሩቅ አይደለም። ዳገት ያለው ከተማ ዝናቡን ወደ ታች ይሸኛል፤ እኛ ጋ ውኃው ካልተመራ እንግድነት መጥቶ ይከርማል። ቦይ ሳይቆፈር፣ ገረጋንቲ ሳይደለደልና በሮለር ሳይጠቀጠቅ የተነጠፈ ድንጋይ በሁለት ክረምት እንደ አሮጌ ጥርስ ይወላልቃል። ይህን በሌላ ሰፈር አይቻለሁ። እህቴ የጎርፉን ጥያቄ ከመንገዱ ለይተው ለምን እንደጠየቁ ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ገባኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠየቁ ሰው የሚያየው ድንጋዩን ነው። ቦይ ፎቶ አይነሳም።

ክርክሩ ጦፈ። ከታች ጫፍ ያሉት ቦዩ በእነሱ በር ስለሚያልፍ «የሁላችሁም ጎርፍ እኛ ላይ ሊወርድ ነው?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከላይ ያሉት «ያዋጣነው ለድንጋይ ነው» አሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። እኔ ተነሥቼ የእህቴን ታሪክ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ተበድረን እንሥራና እየሄድንበት እንክፈል ልል። ግን ማን ያበድረናል? አበዳሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው በየዓመቱ ስንት ትሰበስባላችሁ ብሎ ነው። እኔ በአምስት ዓመት ሰብስቤ ያልጨረስኩትን ደብተር ነው የማሳየው? ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ጋሼ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ሐሳቡን ለሁለት ከፈለው። ባለው ብር ቦዩ አሁኑኑ በበጋው ይቆፈር፣ ድንጋዩ ይቆይ የሚል አንድ። ተጨማሪ ተዋጥቶ ሁሉም አንድ ላይ ይሠራ የሚል ሁለት። እጅ አውጡ ተባለ። እናቴ ለሁለቱም አወጣች። «አንዱን ምረጪ እንጂ እናቴ!» ሲሏት «ሁለቱንም እፈልጋለሁ፣ ምን ይጠበስ?» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ድምፅዋም ተሰረዘ። ቦዩ በ31 ለ17 አለፈ። ቃለ ጉባኤውን እኔ ጻፍኩ። የሟቾቹ መዋጮ በቤታቸው ስም ይቀጥል የሚለው ላይ ግን ድምፅ መስጠት አላስፈለገም፤ ማንም ቃል ሳይተነፍስ አለፈ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በር ተንኳኳ። ከጎረቤት ግቢ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው እንጀራ ጋጋሪ ናት። ወደ ስብሰባው አልተጠራችም፤ የጠራነው ባለቤቶችን ነበር። በክረምት ሞሰቧን በጭንቅላቷ ተሸክማ፣ ጠዋትና ማታ ያንን ጭቃ ከማናችንም በላይ የምትመላለስበት እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ቦይ ሊቆፈር ነው አሉ» አለችኝ። አራት የታጠፉ መቶ ብሮች ዘረጋችልኝ። «የኔንም ያዝልኝ።»

«አንቺ እኮ ተከራይ ነሽ። አትገደጂም።»

«አውቃለሁ። ጻፍልኝ ብቻ።»

ደብተሩን ገለጥኩ። የመጀመሪያው ዓምድ የቤት ቁጥር ይላል። እስኪርብቶዬን ይዤ ቆየሁ። እሷም ፊርማዋን ልታኖር እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትጠብቀኛለች። የቤት ቁጥሩን ቦታ ባዶ ተውኩትና ስሟን ጠየቅኋት።