ታዘዘ ማለት ተሰጠ ማለት አይደለም

ዛሬ ቻርት (የታካሚ የሕክምና መዝገብ) ሳገላብጥ ነው የዋልኩት። አሜሪካ ውስጥ በማልፕራክቲስ (የሕክምና ስህተት) ክስ የሙያ ምስክር መሆን ለምታስቡ ነርስ ፕራክቲሽነሮች (መርምረው መድኃኒት የሚያዙ ከፍተኛ ነርሶች) ጥቂት ልበል።

የጠበቃው ማጠቃለያ ይቆያችሁ፤ ሳታውቁት ወደ እሱ ወገን ያስባችኋል። መጀመሪያ ቻርቱን አንብባችሁ የሰዓት ሰንጠረዥ ሥሩ። ጉዳዩ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን አካልን ሲጎዳ የሚመጣ አደገኛ ሕመም) ከሆነ፣ የሕመሙን ክብደት የሚያሳየው የላክቴት የደም ምርመራ ስንት ሰዓት ተላከ? የደም ካልቸሩ (ጀርሙን ለመለየት የሚወሰደው ደም) ከአንቲባዮቲኩ በፊት ተወስዷል? ግፊቱ ወርዶ ወይም ላክቴቱ 4 ደርሶ ከነበረ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ፍሉይድ (በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ) ተሰጥቷል? አንቲባዮቲኩ 14:20 ታዝዞ 17:35 ላይ ለታካሚው ሲሰጥ ስካን ከተደረገ ክርክሩ ያለው እዚያ መሃል ነው። ባለሙያው የጻፈው ኖት «ወዲያው ተሰጠ» ቢልም ኮምፒውተሩ የሚይዘውን የኦዲት መዝገብ አስመጡ፤ ማን መቼ ከፍቶ እንደጻፈ፣ መቼ እንዳስተካከለ ያሳብቃል።

ብዙው ሰው የሚሰናከለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ስታንዳርዱ (ከባለሙያው የሚጠበቀው የሕክምና ደረጃ) ተጥሷል ማለትና ታካሚው የሞተው በዚያ ምክንያት ነው ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛውን ለሐኪም ብቻ የሚተዉ ስቴቶች አሉ። ጠበቃው ቢገፋፋችሁም ዘላችሁ አትግቡ፤ አንዷ የማይገባ ዓረፍተ ነገር ምስክርነቱን ልታስጥል ትችላለች።

በፌዴራል ፍርድ ቤት ዲፖዚሽን (ከችሎት በፊት በመሐላ የሚሰጥ ቃል) በመደበኛው በአንድ ቀን ቢበዛ የ7 ሰዓት ርዝመት አለው። ያለፉት 4 ዓመታት ምስክርነቶቻችሁም ተዘርዝረው ይቀርባሉ፤ ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ብቻ የቆመ ሰው እዚህ ላይ ይጋለጣል። ክፍያ በሰዓት ተዋዋሉ። «ካሸነፍን እንከፍልሻለን» የሚል ጠበቃ ከመጣ ስልኩን ዝጉት።