ጸሎቱ ጸ ወይስ ፀሐዩ ፀ? ታፔላዬ ያስተማረኝ

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ የአምፖልና የሶኬት ሱቅ ስከፍት ለስሙ ብዙ አልተጨነቅሁም። እናቴ ፀዳለ ትባላለች፤ መብራት ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ለታፔላ ጻፊው «ፀዳል» ብዬ በፀሐዩ ፀ ሰጠሁት። ብርሃን ነው፣ ፀሐይም በዚሁ ትጻፋለች ብዬ። አፋችን እንደሁ ሁለቱን አይለይም።

ለደንበኛ ትርጉሙን ሳይቀር አስረዳ ነበር፤ «ጸዳ ከሚለው የመጣ ነው፣ ንጹሕ ብርሃን ማለት ነው» እያልኩ። የጠየቀኝ የለም።

አንድ ቀን አንድ መሪጌታ ባለ 9 ዋት አምፖል ሊገዙ መጡ። ማብራሪያዬን ሰምተው ቀና ብለው ታፔላውን አዩ።

«ልጄ፣ ይቺ ጸሎቱ ጸ ናት። ደግሞስ ከጸዳ ከሆነ ለ ከየት መጣች?»

የምመልሰው አጣሁ። ለ የሥሩ ፊደል ናት አሉኝ፤ በግእዝ ጸደለ ማለት በራ፣ ደመቀ ነው፣ ጸዳል ከእሱ ወጣ። ጸዳ ደግሞ ነጭ ከሚለው ከጸዐዳ ወገን ነው። ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ።

በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ዘመድ ቤት አገኘሁትና ግማሽ ሰዓት ያህል ጸን ፈልጌ አጣሁ። ለካ ድርድሩ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ኖሯል! ጸ ከፈ በኋላ፣ ከቀ በፊት ናት። መጀመሪያ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ያን ያህል ባልገላበጥኩ።

በዚያው በቀን አሥር ጊዜ የምለውን «በራ» አየሁት። ግእዙ በርሀ ነው፤ መጽአ መጣ፣ በልዐ በላ እንደሆነው ሁሉ አማርኛ የጉሮሮዋን ፊደል ዋጣት። «ብርሃን» ላይ ግን ሃ እስከ ዛሬ ቁጭ ብላለች። ስንቴ ጽፌዋለሁ፣ አንድ ቀን አላየኋትም።

አሁን ቃላቱን ለይቼ ነው የምጠራቸው። ማለዳ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሲመጡ ከማዶ ሰማዩን የሚያሳሳው ወጋገን ነው። ፀሐይዋ ብቅ ስትል የምትወረውረው ጮራ። ጣና ላይ እየተንቀጠቀጠ ዓይን የሚወጋው ደግሞ ነጸብራቅ፣ ውኃው የተዋሰው። ጸዳል ለእኔ ከነገሩ ከራሱ የሚወጣው ነው፤ አምፖሉ ጸዳል አለው፣ ከጀርባው ያለው መስታወት ነጸብራቅ።

የእናቴን ስም ላርም ስል ግን «መታወቂያዬ ላይ በፀሐዩ ነው፣ እስካሁንም ወይ ብዬበታለሁ፣ ተይኝ» አለችኝ። ተውኳት። ታፔላው ላይ ጻፊው አንዷን ፊደል በነጭ ቀለም ሸፍኖ ጸሎቱን ጸ ጻፈባት። ቀለሙ ስስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት የድሮዋ ፀ ከሥር ትታያለች።