የማይለቅ የሞተር ሙቀት፦ አሮጌ ሃይሉክስ በባሕር ዳርና ወረታ መንገድ

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሩዝ የማመላልስባት ሃይሉክስ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ 2ኤል የሚባለውን 2,446 ሲሲ የናፍጣ ሞተር የያዘች መኪና ናት። የሙቀት ችግሯ የጀመረው በኅዳር ወር፣ የፎገራ ሩዝ በሚታጨድበትና ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ነበር። አሥር ኩንታል ጭኜ ስመለስ፣ የጉማራን ድልድይ አልፌ ብዙም ሳልርቅ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር ነካ፤ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ወጣ። መንገድ ዳር አቁሜ፣ ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ፣ ከወንዙ በጀሪካን ውሃ ቀድቼ ሞላሁና ቀስ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ያ ውሃ ኋላ ላይ ምን እንዳስከተለብኝ በቦታው እመለስበታለሁ።

የሄድኩበት የመጀመሪያ ጋራዥ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት የውሃ ፓምፑ መቀየር አለበት አለኝና ተቀየረ። አሮጌው ፓምፕ ሲወጣ በእጄ ይዤ አየሁት፤ ክንፎቹ አልተበሉም፣ ዘንጉ አይወዛወዝም፣ የሚያንጠባጥብበት ምልክትም የለውም። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ እዚያው መንገድ ላይ ደግማ ስታፈላ ሁለተኛው ጋራዥ የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏልና ቴስታታው ይውረድ የሚል ፍርድ ሰጠ። የ2ኤል ቴስታታ በሙቀት የመሰንጠቅ ስም ስላለው ፍርዱ አስደንግጦኝ ነበር፤ ሆኖም አንዴ ያለ ምክንያት ፓምፕ አስቀይሬያለሁና ቴስታታ ከማስወረዴ በፊት ራሴ ማረጋገጥ ፈለግሁ።

ሞተሩ ሌሊቱን ሲበርድ ካደረ በኋላ ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃውን እስከ አፉ ሞላሁ፤ አስነሥቼም ውሃው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆየሁ። ጓርኒሲዮን ሲቃጠል የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው መንገድ ሾልኮ ስለሚገባ ውሃው ገና ሳይሞቅ ያለማቋረጥ አረፋ ይተፋል፤ ክዳኑ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ጎማ ቱቦ ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እስኪጠጥር ይወጠራል። የእኔ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት አረፋ አውጥቶ ጸጥ አለ፤ ቱቦውም በጣቴ ሲጫኑት ይታጠፍ ነበር። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና አልመሰለም። ቴስታታው በቦታው እንዲቆይ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ትክክለኛው መንገድ የመሩኝ በሰፈሬ ጓሯቸው ውስጥ እየሠሩ ያረጁ አንድ መካኒክ ናቸው። ችግሩን ስነግራቸው እጃቸውን ወደ ሞተሩ እንኳ ሳይሰዱ፣ “መቼ ነው የምትሞቀው ልጄ? ቆማ ነው ወይስ ስትሮጥ?” አሉኝ። “ጋሼ፣ ዝም ብላ ነው የምትሞቀው” ብዬ መለስኩ። “ዝም ብሎ የሚሞቅ ሞተር የለም፤ ሂድና አይተህ ና” ብለው አሰናበቱኝ። ነገሩ ትንሽ አናድዶኝ እንደነበር አልደብቅም፤ ነገር ግን አንድ የልጄን ደብተር ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን፣ ጭነቱን፣ ፍጥነቱንና ቀስቱ የቆመበትን ቦታ መመዝገብ ጀመርኩ።

ቆሞ የመሞቅን ነገር ለመፈተን ቀድሞ ቢሆን የአሮጌው ዓባይ ድልድይ ወረፋ በቂ ነበር። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ከተመረቀ በኋላ ግን በዚያ በኩል መጨናነቅ ስላጣሁ፣ ለፈተናዬ ስል በገበያ ቀን ግሽ ዓባይ ገበያ ዙሪያ ሞተር ሳላጠፋ ስንፏቀቅ እውል ነበር። ደብተሩ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ ገበያ ውስጥ 40 ደቂቃ፣ ቀስቱ ከግማሽ በታች፤ ባዶዋን ወደ ወረታ በ60፣ ግማሽ ላይ፤ ባዶዋን በ80፣ ከግማሽ በላይ፤ አሥር ኩንታል ጭና በ80፣ ሐሙሲት ሳትደርስ ቀይ። ደብተሩን ይዤ ስመለስ ጋሼ ሁለት ገጽ አንብበው፣ “እንግዲያው ቬንትሌተሩን ተወው” አሉ። መኪና ስትቆም አየር የሚስበው ቬንትሌተሩ ብቻ ስለሆነ እሱ ቢደክም ኖሮ የምትሞቀው ገበያው ውስጥ ነበር፤ በ80 ስትሮጥ ግን ነፋሱ ራሱ ይበቃል። ሞተሩ በሥራ ብዛት የሚያመነጨውን ሙቀት ውሃው ወደ ራዲያተሩ ማድረስ ወይም ራዲያተሩ ማስወጣት አቅቶታል ማለት ነው።

የቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ቤት ሁለት ብሎን ፈትተን ስንከፍት ባዶ ሆኖ አገኘነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት፣ ወይም የእሱ መካኒክ፣ “ለእኛ አገር አያስፈልግም” በሚለው በተለመደው አነጋገር አውልቆ ጥሎታል። እኔም ቴርሞስታት ሲወጣ ውሃው እንደ ልቡ ስለሚዞር ሞተር የበለጠ ይቀዘቅዛል ብዬ አምን ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቴርሞስታቱ ሁለት ዲስክ አለው፤ ሲሞቅ የላይኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ የታችኛው ደግሞ ውሃውን ወደ ፓምፑ በቀጥታ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ዕቃው ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ከሞተሩ የወጣው ትኩስ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ቀስ ብለው ሲነዱ ይህ ጉዳት አይታወቅም፤ ጭነትና ፍጥነት ሲገናኙ ነው ጎልቶ የሚወጣው።

82 የሚል ቁጥር (መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ) የተቀረጸበት አዲስ ቴርሞስታት ገዝቼ ከመግጠሜ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥዬ፣ ቴርሞሜትር ጨምሬ ምድጃ ላይ ጣድኩት። ልክ 82 አካባቢ ሲደርስ ዲስኩ ከመቀመጫው ፀጉር በምታህል ክፍተት ተነሣ፤ ከዚያም እየሰፋ ሄደ። መመሪያው በ95 ዲግሪ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር መከፈት እንዳለበት ይናገራል፤ የእኔ ግን ውሃው እየተንፈቀፈቀ ከ7 አላልፍ አለ። ልመልሰው ወደ ሱቁ ለመሄድ ተነሥቼ ሳለ ነው ቴርሞሜትሩን ደግሜ ያየሁት፤ 94 ላይ ቆሟል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ምንም ያህል እሳት ቢበዛበት 95 አይደርስም። ዕቃው ደኅና ነበር፤ ያነሰው የእኔ ድስት ሙቀት ነው።

ይህ የድስት ነገር ወደ ራዲያተሩ ክዳን መራኝ። ክዳኑ በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር ነበረው፤ ይህም ውሃውን በዚያ መጠን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል ማለት ነው። ስገለብጠው ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግፊት የማይዝ ክዳን ባለበት መኪና ውስጥ ውሃው በእኛ ከፍታ በ94 መፍላት ስለሚጀምር፣ ቴርሞስታቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ራዲያተሩ እየተፋ ይጎድላል። ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከምንም የማይቆጠር ዕቃ ነው፤ ሁለቱም ጋራዦች ግን ቀና ብለው አላዩትም።

ሁለቱ ከተቀየሩ በኋላ መሻሻሉ ግልጽ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጭና በ80 ስትሮጥ ቀስቱ አሁንም ከግማሽ ያልፍ ነበር። ከጉዞ ስመለስ ሞተሩን አጥፍቼ መዳፌን በራዲያተሩ ፊት ሳልነካው አስጠግቼ ከላይ ወደ ታች ዳሰስኩ። ከላይ የሚለበልብ ሙቀት አለ፤ በታችኛው ግራ ጥግ ግን እንጀራ የምታህል ስፍራ ለብ ብላ ቀርታለች። ውሃ የማያልፍባቸው ቱቦዎች እዚያ ነበሩ። የራዲያተር ሠራተኛው የላይኛውን ጋን በእሳት አላቅቆ ቀጭን የብረት ዘንግ በየቱቦው ሲሰድ ከታች የወጣው ጭቃ በክረምት ወደ ጣና የሚገባው የጉማራ ውሃ መልክ ነበረው፤ ከዝገት ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ይሳባል። በጀሪካን እየቀዳሁ የሞላሁት እሱን ነው። በውጭ በኩል ደግሞ የሩዝ ገለባና ብናኙ ክንፎቹ መካከል ተጠቅጥቆ ነፋስ ከልክሏል፤ ከፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። በሞተሩ በኩል ሆኖ ወደ ፊት፣ ግፊቱ በለሰለሰ ውሃ ሲታጠብ ገለባው መሬቱን ሸፈነው።

መልሶ መሙላቱ ላይም አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ቸኩዬ ስሞላ አየር ታፍኖ ቀርቶ በማግሥቱ ቀስቱ ሲዘል ልቤ ወደቀ። ቤዛዊት ኮረብታ ሥር ያለ ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቁሜ፣ የማሞቂያውን መክፈቻ ሙሉ ከፍቼ፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ቀስ እያልኩ ስሞላ አየሩ እየተንገረገበ ወጣ።

ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ቢገጥመኝ ደብተሩን አስቀድማለሁ፤ ከዚያ ክዳኑን፣ የራዲያተሩን ውጫዊ ክንፎች፣ ቴርሞስታቱን፣ የራዲያተሩን ውስጥ፣ በመጨረሻም ፓምፑን አያለሁ። ጋቢናው ውስጥ የታሰረ የተጣራ ውሃ ጀሪካን አለ፤ ገለባ በሚበዛበት ወርም በየሳምንቱ ራዲያተሩን አጥባለሁ። ባለፈው ወር አሥር ኩንታል ጭኜ እስከ ጎንደር ወጣሁ። ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ባለው አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ስትጎተት ቀስቱ ከግማሽ የአንድ ጣት ውፍረት አለፈ፤ አናቱ ላይ ደርሳ መንገዱ ሲዘረጋ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰዓቱን ጨምሬ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።