በአንድ ጭነት ቡና ሁለት ጊዜ መከሰስ

ቋሚ መኖሪያዬ ጅማ፣ የከሳሼ አዲስ አበባ በመሆኑ የቡና ሽያጭ ክርክራችን የታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር። ክሱ በማስረጃ ተመርምሮ ውድቅ ሲደረግ ፍርዱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ሳላወጣ በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ለዚህ ችኮላዬ እስካሁን ራሴን አልማርሁም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ መጥሪያ ደረሰኝ። ቡናውም ገንዘቡም ያው ሆኖ ሳለ፣ «ያልተከፈለ የሽያጭ ዋጋ» የተባለው ጥያቄ አሁን «ያላገባብ መበልጸግ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ራፖር ጸሐፊው በፍሬ ነገሩ ላይ ብቻ መልስ እንድሰጥና የቀድሞውን ፍርድ ክርክሩ ሲሰማ እንዳነሣው መከረኝ። ምክሩን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ መብቴን በገዛ እጄ በጣልሁ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 244 እንዲህ ያለው መቃወሚያ ገና ከመነሻው እንዲቀርብ ያዛልና። ስለዚህ «ጉዳዩ ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ነው» የሚለውን ከመልሴ ሁሉ አስቀድሜ ጻፍሁ።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የፍርዱ ግልባጭ ብቻውን እንደሚበቃ በእርግጠኝነት ነገረችኝ፤ እኔም አመንሁ። በቀጠሮው ቀን የከሳሼ ጠበቃ ተነሥቶ የክሱ ምክንያት ሌላ ነው ሲል፣ ፍርዱ የቀድሞውን አቤቱታ የሚጠቅሰው በሁለት መስመር ብቻ ስለነበር የማሳየው ነገር አጣሁ። ችሎቱም የመጀመሪያውን ክስ ትክክለኛ ግልባጭ እንዳቀርብ አዝዞ ቀጠሮ ለወጠ። ያን ወረቀት ለማግኘት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት እየቆጠርሁ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ አንዴ መዝገቡ ማኅደር ክፍል ወርዷል፣ አንዴ ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው፣ በሦስተኛው መዝገቡ ያን ሁሉ ጊዜ ከነበረበት መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ማንም ምንም ቢላችሁ፣ ከፍርዱ ጋር የቀድሞውን የክስ ማመልከቻና መልሱን ጭምር አያይዙ። ሁለቱን ክሶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተከራካሪዎቹ፣ ገንዘቡና ውሉ አንድ መሆናቸውን በቀን በቀን አመልክቱ። የዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 5 በመጀመሪያው ክርክር ሊነሣ ይገባ የነበረውንም ነገር እንደተነሣ ስለሚቆጥረው የስም ለውጥ ከሳሹን አያድነውም። የቀድሞው መዝገብ ከሳሽ ባለመቅረቡ ብቻ ተዘግቶ ከሆነ ግን በዚህ መቃወሚያ አትመኩ፤ በፍሬ ነገሩ የተፈረደ ነገር የለም።

ግልባጩ ከቀረበ በኋላ ብይኑ ግማሽ ገጽ አልሞላም፤ ክሱ ውድቅ ሆነ፣ ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብቴም ተጠበቀልኝ። ዝርዝሩን ላዘጋጅ ስቀመጥ ግን የአውቶቡስ ቲኬቶቹን እየቀደድሁ ስጥል እንደኖርሁ ትዝ አለኝ፤ ከሦስቱ ምልልስ በደረሰኝ ላረጋግጥ የቻልሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።